የሞቃትና ደረቅ ዓመት ሜርሎ እንዴት ይቀመሳል? በጎጃም ቤት የሚሠራ የቅምሻ መመሪያ

ሜርሎ ከሚባለው ጥቁር የወይን ፍሬ የሚሠራ ቀይ ወይን ጠጅ፣ ዓመቱ ሞቃትና ደረቅ ከነበረ፣ በመጀመሪያው ጉንጭ ያታልላል። ፍሬው ይጣፍጣል፤ ሙቀቱ ጉሮሮ ላይ ይሰማል። ቀማሹም ወይ ወዲያው ይደነቃል፣ ወይ «ይህማ አረቄ ነው» ብሎ ብርጭቆውን ያስቀምጣል። ሁለቱም የቸኮሉ ፍርዶች ናቸው። በእንዲህ ያለ ዓመት የተሠራ ጥሩ ወይን ጠጅ ከተራው የሚለየው ከጣፋጩ ፍሬ ሥር በተረፈው ትኩስነት ነው። እሱን ለማግኘት ቀዝቀዝ ያለ ጠርሙስ፣ ንጹሕ አየርና የሁለት ሰዓት ትዕግሥት ያስፈልጋል። ከዚህ በታች ያለው ባሕር ዳር ውስጥ ከጓደኞቼ ጋር ስንቀምስ ቀስ በቀስ የያዝነው አሠራር ነው። ደብረ ማርቆስ፣ እንጅባራ ወይም ፍኖተ ሰላም ያለ ሰውም ቤቱ ባለው ዕቃ ሊሠራው ይችላል።

በቅድሚያ፦ ሙቀቱ ፍሬውን ምን አደረገው?

ይህን ሳያውቁ መቅመስ በጨለማ መዳሰስ ስለሆነ ትንሽ ልቆይበት።

ሜርሎ ቆዳው ስስ የሆነና ቶሎ የሚበስል ጥቁር የወይን ፍሬ ነው። አገሩ ፈረንሳይ፣ ቦርዶ ነው። ስሙ የገነነው በተለይ ከዶርዶኝ ወንዝ በስተ ቀኝ ባሉት በፖምሮልና በሴንት ኤሚሊዮን መንደሮች ነው። ፀሐይ ሲበረታ በፍሬው ውስጥ ያለው ስኳር ይጨምራል፤ ስኳሩም ሲብላላ ወደ አልኮል ይለወጣል። በአንድ ሊትር ጭማቂ ውስጥ ያለ 17 ግራም ገደማ ስኳር አንድ በመቶ አልኮል ይሰጣል። ስለዚህ «14.5 በመቶ» የሚል ጠርሙስ ባያችሁ ጊዜ፣ ፍሬው ሲለቀም በሊትር ወደ 245 ግራም ስኳር ነበረው ማለት ነው። በአንጻሩ ማሊክ የሚባለው፣ በአረንጓዴ ፖም ላይ የምናውቀው አሲድ በሙቀት ጊዜ እየተቃጠለ ይቀንሳል። ጣፋጩ ሲጨምር ኮምጣጣው ይጎድላል፤ የሞቃት ዓመት ችግር በአጭሩ ይህ ነው።

ድርቁ ደግሞ የራሱ ሥራ አለው። ዝናብ ሲጠፋ ፍሬው ደቃቅ ይሆናል። ደቃቅ ፍሬ ከጭማቂው አንጻር ቆዳው ይበዛል፤ ቀለሙና ታኒኑ ያለውም ቆዳው ላይ ስለሆነ ወይን ጠጁ ይጠቁራል፣ ይከብዳል። ታኒን የምለው ያልበሰለ ሙዝ ስትነክሱ ወይም ብዙ የፈላ ሻይ ስትጠጡ ድዳችሁን ጨብጦ የሚያደርቀውን ነገር ነው። ድርቁ ከልክ ሲያልፍ ተክሉ ውሃ ለመቆጠብ የቅጠሉን ቀዳዳዎች ይዘጋና ሥራውን ያቆማል። ያን ጊዜ ፍሬው እየደረቀ ስኳሩ ይጠናል እንጂ ታኒኑ አይበስልም። እንዲህ ያለው ወይን ጠጅ አፍ ላይ ጣፋጭ ሆኖ ይጀምርና እንደ አቧራ ደርቆ ይጨርሳል።

እዚህ ላይ የጎጃም ገበሬ ከማንም በላይ የሚረዳው ነገር አለ። መረሬ መሬት ዝናብ ካቆመ በኋላም እርጥበቱን ይዞ ሽምብራና ጓያ ያበቅላል። ፖምሮልም እንደዚሁ ነው። ፔትሩስ የተባለው የፖምሮል ዝነኛ የወይን እርሻ የታወቀው ከሥሩ ባለው የሸክላ አፈር ነው፤ ያ አፈር በደረቅ ወራት ውሃውን ቀስ እያለ ለሥሩ ይሰጣል። ሴንት ኤሚሊዮን ላይ ደግሞ የኖራ ድንጋዩ ይህን ሥራ ይሠራል። በአሸዋና በጠጠር ላይ የቆመ ሜርሎ ግን በዚያው ዓመት፣ ከዚያው መንደር ጥቂት ራቅ ብሎ ይጠወልጋል። ስለዚህ ዓመቱን ብቻ አይታችሁ አትፍረዱ፤ የት እንደበቀለ ጠይቁ።

ጠርሙሱ ላይ የተጻፈው ዓመት ፍሬው የተለቀመበት ሲሆን፣ አቆጣጠሩም የአውሮፓ ነው። 2022 የሚል የቦርዶ ሜርሎ የተለቀመው የእኛ 2014 ሊያልቅ ሲል ወይም 2015 ሲጠባ ነው። 2003 የአውሮፓ ታላቅ ሙቀት የነበረበት ዓመት ነው፤ ከዚያ ዓመት ሜርሎዎች ብዙዎቹ የተቀቀለ ፍሬ የሚሸቱና ቶሎ ያረጁ ናቸው። 2022ም እጅግ ሞቃትና ደረቅ ነበር፤ ሆኖም ከጥሩ መሬት የመጡት ትኩስነታቸውን ጠብቀው ወጥተዋል። ለመጀመሪያ ቅምሻ እኔ 2022ን እመርጣለሁ።

ጠርሙሱን ማምጣትና ማሳረፍ

ሁለት ጠርሙስ አዘጋጁ፦ አንዱ ዋናው፣ ሁለተኛው ለማነጻጸሪያ። ለማነጻጸሪያ ዝዋይ ላይ የሚመረተው የሪፍት ቫሊ ሜርሎ ይበቃል። ይህ ወይን ጠጅ ገበያ ላይ የዋለው በ2014 እ.ኤ.አ. ሲሆን፣ በብዙ ከተማ ይገኛል። አንድ ብቻ ሲቀመስ ምላስ የሚመዝንበት ነገር ያጣል፤ ሁለት ሲሆን ግን ጀማሪውም ልዩነት ይሰማዋል።

ከአዲስ አበባ የምታመጡ ከሆነ የጉዞው አደገኛ ቦታ ዓባይ በረሃ ነው። መኪናው ከጎሐ ጽዮን ቁልቁል ከ1,000 ሜትር በላይ ይወርድና እንደገና ወደ ደጀን ይወጣል፤ ከታች ያለው ሙቀትም የደጋ ሰው ከሚገምተው በላይ ነው። አንድ ጊዜ ጥሩ ጠርሙስ ከመኪናው ኋላ፣ ከሻንጣ ጋር አድርጌ በቀትር በረሃውን ተሻገርሁ። ባሕር ዳር ስደርስ ቡሹ ከጠርሙሱ አፍ ብቅ ብሎ፣ በጎኑም ቀይ ጠብታ ወርዶ አገኘሁት። ስንከፍተው የመርመላታ ሽታ ብቻ ነበር። ከጓደኞቼ አንዱ ሞቃት ዓመት ስለሆነ ነው አለ፤ ጥፋቱ ግን የዓመቱ ሳይሆን የእኔ ነበር። ከዚያ ወዲህ ጠርሙስ በእርጥብ ፎጣ ጠቅልዬ እግሬ ሥር አስቀምጣለሁ፤ በማለዳም እነሣለሁ።

ቤት ከገባ በኋላ ጨለማና ቀዝቃዛ ቦታ፣ ለምሳሌ አልጋ ሥር፣ አጋድማችሁ ለአንድ ሳምንት አሳርፉት። ከቅምሻው አንድ ቀን በፊት አቁሙት፤ አተላ ካለው ወደ ታች ይዘቅጣል።

ቤቱን ከሽታ ማጽዳት

ይህ በእኛ ቤት ትልቁ ሥራ ነው። እንግዳ ሲመጣ ቄጠማ መጎዝጎዝ፣ ዕጣን ማጨስና ቡና መቁላት የክብር ምልክት ነው፤ ሦስቱም ግን የወይን ጠጅን መዓዛ ይሸፍናሉ። ሌላው ቀርቶ ከጓሮ በርበሬ ሲታመስ አፍንጫ ለግማሽ ቀን አይመለስም። ስለዚህ ቅደም ተከተሉን አዙሩት፦ መጀመሪያ ቅምሻው፣ ከዚያ ማዕዱ፣ ቡናው ከዕጣኑና ከቄጠማው ጋር መጨረሻ ላይ። ለተጋባዦቹ ሽቶ ሳይቀቡ እንዲመጡ ቀድማችሁ ንገሩ። ከምሳ ወይም ከእራት በፊት፣ ሰው ረሃብ ቢጤ ሲሰማው መቅመስ ይመረጣል። ከተጋባዦቹ የሚጾም ካለ ቀኑን ከጾም ውጭ አድርጉት።

750 ሚሊ ሊትር ጠርሙስ በ50 ሚሊ ሊትር ሲቀዳ ለ15 ቅምሻ ይበቃል። ስድስት ሰው ሁለት ጊዜ ቀምሶ ለማግስቱ ይተርፋል። ከዚያ በላይ ሰው አትጥሩ።

መትፋትን በተመለከተ፦ በእኛ ዘንድ በሰው ፊት፣ ያውም በአባቶችና በእናቶች ፊት መትፋት ነውር ነው። ሆኖም 14.5 በመቶ አልኮል ከተለመደው ቢራ ሦስት እጥፍ ያህል ነው፤ እየዋጠ የሚቀምስ ሰው አራተኛው ላይ መለየት ያቆማል። እኛ የፈታነው እንዲህ ነው፦ ለእያንዳንዱ ሰው ክዳን ያለው የሸክላ ጽዋ እናቀርባለን፣ ታላላቆቻችንን አስቀድመን እናስረዳና ይቅርታ እንጠይቃለን፣ ፊታችንን ዞር አድርገን እንተፋለን። ቅር ያለው ሽማግሌ እስካሁን አልገጠመኝም። የሚያሽከረክር ሰው ግን ያለ ምንም ድርድር ይትፋ።

ብርጭቆው

ብርሌ ውብ ዕቃ ነው፤ ለጠጅ የተፈጠረ ነው፤ ለዚህ ሥራ ግን አይሆንም። አንገቱ ስለሚጠብ አፍንጫ አይገባም። የሚያስፈልገው እግር ያለው፣ ሆዱ ሰፋ፣ አፉ ጠበብ ያለ የወይን ብርጭቆ ነው። ከሌለ ሆዱ ሰፊ የሆነ ማንኛውም ቀጭን ብርጭቆ ይሁን፤ ዋናው ቁም ነገር ከሲሶው በላይ አለመቅዳት ነው። በሙቅ ውሃ ብቻ እጠቡት፤ የሳሙና ሽታ ይቀራል። በወይራ የታጠነ ዕቃ ለወተት እንጂ ለዚህ አይሁን።

ወይራውን ካነሣን፣ ጥሩ ሜርሎ አብዛኛውን ጊዜ የሚያርፈው ኦክ ከሚባል ዛፍ በተሠራ በርሜል ነው። የቦርዶው በርሜል 225 ሊትር ይይዛል፤ ሲሠራም ውስጡ በእሳት ይለበለባል። የቫኒላ፣ የጭስና የተቆላ ቡና ሽታው የሚመጣው ከዚያ ነው። የወተት ቅል በወይራ ስታጥን ያደገች ሴት ይህን ሽታ ከፍሬው ሽታ ለመለየት ማንም አያስተምራትም።

ማቀዝቀዝ

ከዚህ መመሪያ አንድ ነገር ብቻ የምትይዙ ከሆነ ይህን ያዙ። «ቀይ ወይን ጠጅ በክፍል ሙቀት ይቅረብ» የሚለው ምክር የአውሮፓ ቀዝቃዛ ቤት ምክር ነው። ባሕር ዳር በሚያዝያ ቀትር እስከ 30 ዲግሪ ይደርሳል። በዚያ ሙቀት የቀረበ 14.5 በመቶ ወይን ጠጅ አልኮሉ ተንኖ አፍንጫን ይመታል፤ ፍሬው ከኋላው ይደበቃል፤ ጥሩውም ተራውም አረቄ አረቄ ይላሉ። የሞቃት ዓመት ሜርሎን 16 ዲግሪ ላይ አቅርቡት። መለኪያ ከሌላችሁ ጠርሙሱን በእጃችሁ ንኩት፤ በማለዳ ከምንጭ የተቀዳ ውሃ ያህል ይቀዝቅዝ።

ከ25 ዲግሪ ወደ 16 ለማውረድ ማቀዝቀዣ ውስጥ ከአንድ ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት ተኩል ይፈጃል። በረዶና ውሃ በተቀላቀለበት ባልዲ ከሆነ ሩብ ሰዓት ይበቃል። መብራት ከጠፋ ጠርሙሱን በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልላችሁ ነፋስ የሚያገኘው ጥላ ላይ አቁሙ፤ እንስራ ውሃን እንደሚያቀዘቅዝ ጨርቁ እየደረቀ ጠርሙሱን ያቀዘቅዘዋል። ጨርቁ በደረቀ ቁጥር አርጥቡት። ደብረ ማርቆስ ምሽት ላይ ከሆናችሁ ምናልባት ይህ ሁሉ አያስፈልግም። ከ12 ዲግሪ በታች ግን አታውርዱት፤ መዓዛው ይታፈናል፣ ታኒኑም ይሻክራል።

መክፈትና ማንቆርቆር

ቡሹን አውጥታችሁ፣ እሱን ሳይሆን ወይን ጠጁን ጥቂት ቀድታችሁ አሽትቱ። እርጥብ ካርቶን ወይም የሻገተ ጓዳ የሚሸት ከሆነ ቡሹ አበላሽቶታል፤ ይህ ብልሽት አየር አግኝቶ አይድንም። ጤነኛ ከሆነ ወጣቱን ሜርሎ ወደ ንጹሕ የመስታወት ጆግ ገልብጡትና ለአንድ ሰዓት ያህል ይተንፍስ። ከ15 ዓመት በላይ የቆየ ከሆነ ግን ቀስ ብላችሁ አንቆርቁሩ፤ አተላው ወደ አንገቱ ሲደርስ አቁሙ፣ ወዲያውም ቅመሱ። አሮጌ ወይን ጠጅ አየር ላይ ብዙ አይቆይም።

በዐይን

ብርጭቆውን በነጭ ወረቀት ወይም በነጭ ነጠላ ላይ አጋድማችሁ ተመልከቱ። ወጣት የሆነ የሞቃት ዓመት ሜርሎ መሐሉ ጥቁር መሳይ፣ ጠርዙ ሐምራዊ ነው። ሲያረጅ ጠርዙ ወደ ሸክላ ቀለም ይሄዳል። ገና በአምስት ዓመቱ ጠርዙ ሸክላ ከመሰለ፣ ወይ ሙቀት መትቶታል ወይ ፍሬው ሲለቀም ከልክ በላይ በስሎ ነበር። ብርጭቆው ግድግዳ ላይ የሚንጠባጠበው ወፍራም መስመር አልኮል እንዳለው ይናገራል እንጂ ጥሩነቱን አይመሰክርም። በዐይን ብዙ አትቆዩ።

በአፍንጫ

እዚህ ላይ ቆዩ። መጀመሪያ ብርጭቆውን ሳታንቀሳቅሱ አሽትቱ፤ ቀጥሎ ሦስት አራት ጊዜ አዙራችሁ አሽትቱ። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ራሱ ዜና ነው። ሲዞር ፍሬው ከፍ ካለ ደግ ነው፤ የአልኮሉ ቃጠሎ ብቻ ከፍ ካለ ወይ ሞቋል ወይ ሚዛኑን ስቷል። ከሞቀ መልሳችሁ አቀዝቅዙት።

የውጭ ሰዎች ሜርሎን ፕሪም፣ ጥቁር ቼሪ፣ ቸኮሌት ይላሉ። ቼሪን ቀምሶ የማያውቅ ሰው ቼሪ ሸተተኝ ቢል ለራሱም ለሌላውም አይጠቅምም። እኛ የራሳችንን የፍሬ መሰላል ሠርተናል፤ ከትኩሱ ወደ ደረቀው ይወርዳል። ላይኛው አጋም ነው፤ ጥቁር ሆኖ ኮምጠጥ የሚል፣ ሕይወት ያለው። ቀጥሎ በጣና ዳርቻ የምናገኘው ዶቅማ ነው፤ የበሰለ፣ ጥቁር፣ ቆዳው አፍን ያዝ የሚያደርግ። ከዚያ በጣም የበሰለ ፕሪም፤ ከዚያ መርመላታ፤ ከዚያ ቴምር፤ ከሁሉ በታች ዘቢብ። ከቅምሻው በፊት በገበያ የተገኘውን ያህል በየቡና ሲኒው ጨምራችሁ ጠረጴዛው ላይ ደርድሩና እያሸተታችሁ አነጻጽሩ።

የሞቃት ዓመት ወይን ጠጅ ከመሰላሉ ወረድ ብሎ መገኘቱ አያስገርምም፤ ነውርም የለበትም። ጥያቄው ከላይኛው እርከን የተረፈ ነገር አለው ወይ ነው። ቴምር እየሸተተ ከጀርባው ዶቅማ ወይም አጋም ብቅ የሚል ከሆነ ጥሩ እጅ ሠርቶታል። ዘቢብና መርመላታ ብቻ ከሆነ ፍሬው ዘግይቶ ተለቅሟል።

በአፍ

አንድ የሻይ ማንኪያ ተኩል ያህል ጎንጩ። ወዲያው አትትፉ፤ በምላስ፣ በጉንጭና በድድ ሁሉ ይዳረስ። ከንፈራችሁን ጠበብ አድርጋችሁ ትንሽ አየር ሳቡበት፤ ድምፅ ያሰማል፤ ግድ የለም። አሥር ሰከንድ ያህል ቆይታችሁ ትፉ። ከዚህ በኋላ አራት ነገሮችን አንድ በአንድ ተከታተሉ፤ ሁሉንም በአንድ ጉንጭ ለመያዝ ከሞከራችሁ ይምታታል።

ጣፋጭነቱን አትመኑት። ጥሩ ሜርሎ ደረቅ ነው፤ ስኳሩ ሁሉ ማለት ይቻላል ተብላልቶ አልቋል። ጣፋጭ የሚመስለው የበሰለው ፍሬና አልኮሉ ነው። በጠጅ ያደገ ምላስ እዚህ ላይ ይሳሳታል፤ የሚያርመው ከንፈርን መከታተል ነው። እውነተኛ ስኳር ከተዋጠ በኋላም ከንፈር ላይ ይጣበቃል፤ ይህ አይጣበቅም።

ኮምጣጣነቱን በምራቅ ለኩ። ከተፋችሁ በኋላ አንገታችሁን ደፋ አድርጋችሁ ጠብቁ። ከምላስ ሥር ምራቅ ካጎረፈ ትኩስነቱ አለ። አፉ ከደረቀና ምራቅ ከዘገየ ሙቀቱ አሲዱን ወስዶታል። በዚህ ዓይነት ወይን ጠጅ ላይ ከሁሉ በላይ የማምነው መለኪያ ይህ ነው፤ ከቃላት ይልቅ ምራቅ አይዋሽም።

ታኒኑን በላይኛው ድድና በከንፈር መካከል ፈልጉት። የበሰለ ታኒን ብዙ ቢሆንም እንደ ለሰለሰ ቆዳ ነው፤ ይይዛል ግን አይቧጭርም። ያልበሰለው እንደ ጥሬ ሙዝ አፍን ያስራል፤ የባሰው ደግሞ እንደ አቧራ ደርቆ ይቀራል። ቀጥሎ የአልኮሉን ሙቀት ጉሮሮ ላይ ተመልከቱ። መኖሩ ጥፋት አይደለም፤ ከፍሬው ተለይቶ ብቻውን ሲቆም ነው ጥፋት የሚሆነው።

እነዚህን አራቱን ማመዛዘን ለእኛ አዲስ ዕውቀት አይደለም። አንድ ጊዜ ጠጅ በመጣል ዕድሜያቸውን የፈጁ ጎረቤታችን የሆኑ እናት አብረውን ቀመሱ። ስለ ሜርሎ ሰምተው አያውቁም። ሁለተኛውን ብርጭቆ ቀምሰው ዝም ካሉ በኋላ፣ ማር የበዛበትና ጌሾ ያነሰው ጠጅ እንደሚመስል ነገሩን፤ የመጀመሪያው ግን ጌሾው ልክ እንደሆነ አከሉ። እኛ ግማሽ ሰዓት የተከራከርንበት ጉዳይ ነበር። የማርን ጣፋጭ በጌሾ ምሬት መግራት የሚያውቅ ሰው፣ የሞቃት ዓመት ፍሬን በአሲድና በታኒን የመግራትን ነገር አውቆታል።

በመጨረሻ ከተፋችሁ በኋላ ጣዕሙ እስኪጠፋ ሰከንድ ቁጠሩ። ከ15 ሰከንድ በታች ተራ ነው፤ ከግማሽ ደቂቃ በላይ የሚቆይ ግን ከፍ ያለ ነው። የሚቆየው ምን እንደሆነም ጻፉ፦ ፍሬ ነው፣ ምሬት ነው፣ ወይስ ቃጠሎ?

መመለስ

ቅምሻው አንድ ጊዜ አይደለም። ከ20 ደቂቃ በኋላ፣ ከዚያም ከአንድ ሰዓት በኋላ ከዚያው ብርጭቆ እንደገና ቅመሱ። በመካከሉ ውሃ ጠጡ፤ ጨው የሌለው ዳቦ ጉረሱ። ደካማው በመጀመሪያው ደቂቃ ያለውን ሁሉ ይሰጥና ይሞታል። ጥሩው በሁለተኛው ዙር ከፍሬው ጀርባ ሌላ ነገር ያወጣል፦ ቆዳ፣ ትንባሆ፣ ዝናብ የነካው አፈር። የመጀመሪያ ማስታወሻችሁን አትሰርዙ፤ ከሥሩ ጻፉ።

ማዕዱ

ዶሮ ወጥ ክብራችን ነው፤ ከዚህ ወይን ጠጅ ጋር ግን አታቅርቡት። በርበሬና ከፍተኛ አልኮል እርስ በርስ ይቀጣጠላሉ፤ ታኒኑም ይሻክራል። የሚስማማው ሚጥሚጣ ያልበዛበት ክትፎ ከአይብ ጋር፣ በጥብስ ቅጠል የተጠበሰ የበግ ሥጋ ወይም የበግ አልጫ ነው። የሥጋው ስብና ጨው ታኒኑን ያለዝበዋል። የጣና ዓሣ ከቀይ ወይን ጠጅ ጋር አፍ ላይ የብረት ጣዕም ሊያመጣ ስለሚችል ለነጭ ወይን ጠጅ ይቆይ።

ለማግስቱ

ከጠርሙሱ አንድ አምስተኛ ያህል አስቀሩ። ቡሹን መልሳችሁ ማቀዝቀዣ ውስጥ አቁሙትና በማግስቱ ምሽት፣ ከመቅመሳችሁ ግማሽ ሰዓት አስቀድማችሁ አውጡት። በዚያው ብርጭቆ፣ ያለ ጨዋታና ያለ እንግዳ፣ ብቻችሁን ቅመሱ። ኮምጣጤ ኮምጣጤ ወይም ዘቢብ ብቻ የሚል ከሆነ ያን ጠርሙስ ለማስቀመጥ አትግዙ፤ ያላችሁን በዚህ ዓመት ጨርሱት። ዶቅማው አሁንም ካለና ምራቅ ከጎረፈ ግን ሌላ ጠርሙስ ገዝታችሁ አልጋ ሥር አጋድሙት፤ የመጀመሪያውን የከፈታችሁበትን ቀን በእኛም በአውሮፓውም አቆጣጠር ወረቀት ላይ ጽፋችሁ አንገቱ ላይ እሰሩት።